አርባኛዋ ትል

ትል የምትፈራ ሴት ትል አርቢ ሆነች ቢባል ማን ያምናል? መሥሪያ ቤቱ "እመ ትል" እያለ ነው የሚጠራት። አዲስ ፀረ ተባይ መድኃኒት በሚቀመምበት ላብራቶሪ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጥቅል ጎመን ትል ስታረባ፣ መድኃኒት ስታስነካ፣ ሬሳ ስትቆጥር ኖራለች። የምትፈራው ታዲያ ትሉ እንዳይነክሳት አይደለም፤ እንዳያመልጣት ነው። ከገበሬ ማሳ ተለቅመው የመጡት እነዚያ ትሎች ገበያ ላይ ያለውን መድኃኒት ሁሉ እንደ ውሃ የሚጠጡ ጉዶች ናቸዋ! ስለዚህ በር ሁለቴ ትዘጋለች፣ ጋዎኗን ሦስቴ ታራግፋለች። ቆጠራዋማ አይነሳ፤ እሷ የቆጠረችውን ደግሞ የሚቆጥር ሰው የለም።

ደንቡ ግልጽ ነው። የሞተ ትል ሁለት ቀን ይጠበቃል፣ ከዚያ ፍሪዘር ይገባል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ ሰባተኛው መድኃኒት፣ ገና ስም እንኳ ያልወጣለት፣ የሁለት ሳህን ትል ዝርር አድርጎ ጣለ። የመጀመሪያውን ሳህን ቆጠረች፤ አርባ። ይኼኔ ስልኳ ጮኸ። ልጅዋን ትምህርት ቤት ውስጥ ትኩሳት አንስቷታል። "የሞተ ደግሞ ምን ይሆናል!" አለችና አርባውን ትል ከነቅጠሉ ቅርጫት ውስጥ ገልብጣ፣ ሁለተኛውን ሳህን እንዳለ ትታ በረረች። አይ ችኮላ!

በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ ትኩሳት በርዶ፣ ደስ ብሏት ገባች። ሁለተኛውን ሳህን ከፈተች። አንዱ ትል ራሱን ቀና አደረገ። ቀጥሎ ሌላው። ሦስተኛው ጭራሽ ቅጠሉን መብላት ጀመረ። ለካ መድኃኒቱ አደነዘዛቸው እንጂ አልገደላቸውም! ትናንት የጣለቻቸው አርባዎቹስ? ዞር ስትል ቅርጫቱ ባዶ ነው። የግቢውን ቅጠላ ቅጠልና ትርፍራፊ በየማለዳው ለኮምፖስት የሚወስደው ማን መሰላችሁ? ታላቅ ወንድሟ፣ ጎመን አምራቹ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

"አለቃዬ ዶክተሯ ሲመጡ ወደ ወንድሜ ማሳ ይምጡ በልልኝ" ብላ ለጥበቃው ነግራ ሮጠች። ስትደርስ ወንድሟ ቅጠሉን የወሰደበትን ከረጢት ጎመኑ ዳር ዘርግፎታል።

"ወንድም ጋሼ፣ እንዳትነካው! ትል አለበት!"

"ለቀባሪው አረዱት!" አለ እየሳቀ። "ለትል ብለሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው?"

ነገሩን ስትነግረው ሳቁ ጠፋ። ተንበርክከው ቅጠል በቅጠል ለቀሙ። ገሚሱ ይንፏቀቃል። ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ከዚያ በኋላ አፈሩን ቢያበጥሩት፣ ከረጢቱን ቢያራግፉት አርባኛዋ የለችም። የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ግን ሴት ብትሆንስ? ክንፍ አውጥታ ከሜዳው ወንድ ጋር ብትገናኝ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ይህንን መድኃኒት ጭምር የሚቋቋም ዘር ይሆናል። ያኔ አሥራ ሰባተኛው መድኃኒት ገበሬ እጅ ሳይገባ አለቀለት።

የዶክተሯ መኪና መንገዱ ላይ ታየ። ወንድሟ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ።

"እቴ፣ አርባ በያቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ካልሽ ጎመኔን ሊነቅሉት ነው፤ ከነገ ወዲያ የሚቆረጥ ጎመን! አፈር ስሆን።"

አለቃዋ ወርደው ከረጢቱንም፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጭቃም አዩ።

"ስንት ነበሩ?"

"አርባ።"

"ስንት አገኘሽ?"

ፈራች። እንጀራዋን እንዳታጣ ፈራች፤ የወንድሟን ዓይን ፈራች። አርባ ብትል የሚጠራጠራት የለም፤ ይኼ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አስፈራት።

"ሠላሳ ዘጠኝ" አለች።

ወንድሟ አያት፣ አያትና ወደ ማሳው ሄደ። የመጀመሪያውን ጎመን ራሱ ነቀለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው ተራቆተ፤ ጎመኑ ሁሉ ጉድጓድ ገባ። ትሏ ግን አልተገኘችም። ዶክተሯ ማስጠንቀቂያ ጻፉባት፤ ቆጠራውን ግን አልነጠቋትም። ወንድሟ ከወር በላይ አኩርፎ ሰነበተ።

አሁን ታርቀዋል። ጎመኑም እንደገና በቅሏል። ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር "አርባኛዋስ?" ይላታል እየሳቀ። እሷ አትስቅም። ጎንበስ ትልና ከመደቡ ጫፍ ጀምራ ቅጠል እየገለበጠች ታያለች። እሱም ሳቁን ሳይጨርስ በሌላኛው ጫፍ ይጀምራል።