ሥራ ፈቱ እንጨት

ሐሙስ ጠዋት፣ ከደብረ ታቦር

የተነሣሁት ለአንድ የደወል ማንጠልጠያ ነው። እኔ ኮሌጅ ውስጥ የግንባታ ምህንድስና አስተምራለሁ፤ አባቴ ደግሞ ገነተ ማርያም አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአናጢነት የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ይህ ማንጠልጠያ የመጨረሻ ሥራቸው እንደሚሆን በስልክ ነግረውኛል። የደብሩ ሽማግሌዎች ግን "የተማረ ሰው ሳያየው ደወሉ አይሰቀልም" ብለዋል። የተማረችው እንግዲህ እኔ ነኝ። አባቴን ልፈትን መሄዴ ነው፤ ደስ አለኝ፣ ፈራሁም።

ፍላቂት ላይ ሚኒባሱ ቆመ። የገበያ ቀን ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። የገብስ ቆሎ ገዛሁ፣ ሻጯም አንድ እፍኝ መረቀችልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ገበሬ ቆሎዬን እየተካፈሉ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

"ገነተ ማርያም። አንድ እንጨት ልመረምር።"

"እንጨት ልታዪ ከደብረ ታቦር ድረስ? ወይ መማር!"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጋሸና ላይ ወደ ግራ ታጥፈን ቁልቁል ወረድን። ላሊበላ አደርኩ።

ዓርብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር

ጠዋት ገነተ ማርያም ስደርስ አባቴ ሽሮ አብልተው ሳይጨርሱ ይዘውኝ ወጡ። ማንጠልጠያው ሁለት የጽድ ምሰሶ፣ አንድ አግዳሚ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ በሰያፍ ቆሞ በጠፍር የታሰረ ድጋፍ አለው። ደወሉ ገና መሬት ላይ ስለነበር በእሱ ቦታ ክብደቱን የሚያህል ድንጋይ በጆንያ ተሰቅሏል፤ የመደወያው ገመድም ታስሮበታል። ቄሰ ገበዙና ሽማግሌዎቹ ከብበውኝ ቆሙ፤ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማስላት ጀመርኩ። ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታል፣ ሁለቱ ምሰሶዎች እኩል ይካፈሉታል። ሰያፉ እንጨት የሚሸከመው ግን ዜሮ ሆኖ ወጣ።

"ይሄ ሥራ ፈት ነው፤ ቢነሣም ግድ የለም" አልኩ በልበ ሙሉነት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባቴ ጠፍሩን ፈትተው እንጨቱን አነሡት። ጆንያው እንደተሰቀለ ቀረ፤ ምሰሶዎቹም ንቅንቅ አላሉም። ኮራሁ!

"በይ እንግዲህ፣ የሚደውለው ዲያቆን ከሚቆምበት ከምዕራብ በኩል ሆነሽ ገመዱን ሳቢ" አሉኝ አባቴ።

ሳብኩ። ምሰሶዎቹ ሲጢጥ ብለው ወደ እኔ አጋደሉ።

"ኧረ በእመቤቴ! ልቀቂው!" ብለው ቄሰ ገበዙ ጮኹ። ገመዱን ጥዬ ሸሸሁ።

"ልጄ፣ ደወል ለመንጠልጠል ብቻ ይሰቀላል እንዴ? ሊደወል ነው እንጂ" አሉ አባቴ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።"

ምድሩ ዐለት ስለሆነ ምሰሶዎቹ በጥልቀት አልተቀበሩም። አባቴ ይህን ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን ወረቀቴን እንጂ መሬቱን አላየሁም። አፈርኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፤ አባቴም ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። እንጨቱን መልሰው አሰሩት። እኔም የገመዱን ጉተታ ጨምሬ እንደገና አሰላሁ፤ ያን ጉተታ የሚመልሰው ያው ሥራ ፈት ያልኩት እንጨት ሆነ። ቄሰ ገበዙና እኔ አብረን ባለን ጉልበት ሳብን። ማንጠልጠያው አልነቃነቅ አለ። ሊያዩ የመጡት ሴቶች እልል አሉ።

"ይጸናል" ብዬ ወረቀቱ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ከስሜ ቀጥሎ የሚጻፈው ደግሞ የአባቴ ስም ነው።

ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ

ቅዳሜ ቤቴ ገባሁ። ሰኞ ዕለት ያንን ማንጠልጠያ ሰሌዳ ላይ ሳልኩት። ተማሪዎቼ ወዲያው ማስላት ሲጀምሩ አስቆምኳቸው።

"ቆይ፣ ገመዱን የሚስበው ማነው? ከየት በኩል ሆኖ?"

ለዓመታት ሳስተምር ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በማርያም ዕለት ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ሳነሣው የሚሰማው ደወል ብቻ ነው፣ ደጋግሞ፣ ጥርት ብሎ። ቆይቶ የአባቴ ድምፅ መጣ።

"ሰማሽው? ሥራ ፈትሽ ሥራ ላይ ነው።"