እንገር የጠጡ ጥጆች

በደርግ ዘመን በደረቁ ወራት ከጂንካ በጭነት መኪና ወደ ዲመካ የምንወርደው ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ ለመከላከል ነበር። ሥራዬ መከተብ ነው። ክትባት በደም ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ሽፋኑ ከተገነጠለ የእንስሳት ሕክምና መጽሐፍ ቀስ እያልኩ ነው ያወቅሁት።

አንድ ጠዋት አንድ የሐመር ሽማግሌ ከሚስታቸው ጋር ጥጆች ብቻ ነድተው መጡ። ላሞቻቸው በደስታ ታመው የዳኑ ስለሆኑ በረት ትተዋቸዋል። በዚህ ልክ ነበሩ፤ ከዳነ ከብት ደም ውስጥ በሽታውን የሚያስታውሱ ሕዋሳት ስለሚቀሩ ዳግም አይዘውም። ጥጆቹ ግን ገና ይጠባሉ።

«አባቴ፣ ይመልሷቸው። ጡት ሲተዉ ያምጧቸው።»

«በሽታው ኦሞ ዳር ደርሷል። ጡት እስኪተዉ ቆይ ብለህ ነግረኸዋል?»

ከብት ይዘው የቆሙት ሳቁ።

ክትባታችን የተዳከመ የደስታ ተሕዋስ ነው። የሚወጋው የጥጃው ሕዋሳት አይተውት በሽታውን የሚዋጋ የራሳቸውን አንቲቦዲ መሥራት እንዲማሩ ነው። ከዳነች ላም እንገር፣ የመጀመሪያውን ወተት፣ የጠጣ ጥጃ ግን የእናቱ አንቲቦዲ በደሙ ስላለ፣ ሕዋሳቱ ክትባቱን ሳያውቁት ያ ቀድሞ ያጠፋዋል። የእናቱም በወራት ውስጥ ያልቃል። ያኔ ጥጃው ምንም የለውም፤ ጆሮው ላይ የተከተበ ከብት ምልክት ስላለ ግን ማንም መልሶ አያመጣውም።

ይህን ባጭሩ አስረዳኋቸው። የሌሎቹን ከብቶች ከትቤ ስጨርስ፣ የተበጠበጠ ክትባት ስለማያድር የተረፈውን ልደፋ ስነሳ ሽማግሌው ጠርሙሱን አዩ።

«ለመሬት ታጠጣለህ፣ ለኔ ጥጃ ትከለክላለህ?»

ሚስታቸው አንዲት ቀይ ጥጃ ወደ ፊት ገፋች። «ይቺስ? እናቷ ስትወልዳት ሞተች። በፍየል ወተት ነው ያሳደግኋት።»

«እንገር ቀምሳለች?»

«ከየት አምጥታ?»

ወጋኋት፤ ጆሮዋንም በሳሁ። ሌሎቹን አልነካሁም።

«እናት ያለው ተባረረ፣ የሙት ልጅ ተሾመች!» አለ አንዱ። ሽማግሌው አልሳቁም። ደህና ዋልም ሳይሉኝ ጥጆቻቸውን ነድተው ሄዱ። የሚመለሱ አልመሰለኝም።

ዝናቡ አልፎ ዲመካ ስንደርስ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው አየኋቸው። ጥጆቹ ጡት ትተው ቀንድ አጎንቁለዋል። በፊት ካመጧቸው አንዱ፣ ነጩ ጥጃ፣ ጎድሏል።

«ነጩስ?» አልኳቸው።

«ሞተ።»

«በምን?»

ሽማግሌው የመጀመሪያውን ጥጃ አንገት በብብታቸው ያዙና ጆሮውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ውጋ። ፀሐይ ሳይከር።»