የቀኛዝማች ወርቁ ላንድሮቨር

ዳንግላ ሥራ የጀመርኩት በገበያ ቀን ነው። ለአዲስ ሹፌር ከዚያ የከፋ ቀን የለም።

ቀጣሪዬ የኑግና የእህል ነጋዴ ነበር፤ አንዲት ፊያት የጭነት መኪና ነበረችው። እኔ ከደብረ ማርቆስ ረዳትነቴን ጨርሼ፣ መንጃ ፈቃዴን ኪሴ ከትቼ፣ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ መጥቻለሁ። ሰውዬው ፈቃዴን ዞር ብሎ እንኳ አላየው። «ያቺን መኪና ከጋሪዎቹ መሃል ወደ ኋላ አውጥተህ መጋዘኑ በር ላይ አስጠጋልኝ» አለና እጁን አጣምሮ ቆመ።

ግራና ቀኙ ጋሪ ነው። በጋሪና በጋሪ መካከል በርበሬ የዘረጉ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሞተሩን ሳስነሳ የጋሪ ፈረሶቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ፤ አንዱ በኋላ እግሩ ቆመ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁት።

«ምን ሆንክ?» አለ ነጋዴው።

«ፈረሶቹ ይያዙልኝ።»

«እኔ አንተን የቀጠርኩህ ለመኪና ነው ለፈረስ?»

«ጌታው፣ ፈረሱ ጋሪውን እየጎተተ ሴቶቹ ላይ ቢወጣ ማን ነው የሚጠየቀው?»

ባለጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን በልጓም እስኪይዙ ቆየሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ አወጣኋት። ነጋዴው አጉረመረመ እንጂ አላባረረኝም። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ረጅም ሰው ከዘራ ተደግፈው ሲመለከቱኝ ነበር፤ ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም።

በዚያ ዘመን፣ በጃንሆይ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለውን መኪና ሁሉ በባለቤቱ ነበር የምናውቀው። ድምፁን ሰምተን «እገሌ መጣ» እንላለን። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቮልስ ነበረቻቸው፤ ጠዋት ጠዋት ተማሪ ካልገፋት አትነሳም፤ ስለዚህ የገፋ ተማሪ አርፍዶ ቢገባም አይቆጡትም። የጤና ጣቢያው ቁስል አካሚ፣ የድሬሰሩ፣ ጂፕ በር አልነበራትም፤ ዝናብ ሲመጣ ሰውዬው በአንድ እጁ ጃንጥላ ይዞ ይነዳ ነበር። የእኛ ፊያት ደግሞ ዳገት ላይ ስትወጣ ረዳቱ ታኮ ተሸክሞ በእግሩ ይከተላታል። ታኮ ማለት መኪና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የሚወሸቅ እንጨት ነው። እናንተ የዛሬ ሹፌሮች ሳቁ ግዴለም፤ እኛ ግን እነዚያን መኪኖች እንወዳቸው ነበር።

ከሁሉ ያስወራው የቀኛዝማች ወርቁ ላንድሮቨር ነው።

ቀኛዝማች በአዘና በኩል ባለ ርስት ነበሩ። እዚያ አገር ሰው የሚታወቀው በፈረሱ ነው፤ የእሳቸው ዳማ ደግሞ አገው ምድርን ሙሉ ስሙ የተጠራ ፈረስ ነበር። አንድ ቀን ዳማን ሸጡና ከመንገድ ሥራ ሰዎች ላይ አሮጌ ላንድሮቨር ገዙ። አይ ጉድ! አገሩ በወሬ ተናጠ። «ቀኛዝማች ጠገቡ» ተባለ። ታላቅ ወንድማቸው አያ ደስታ የፈረሰኞቹ አለቃ ነበሩ፤ «ፈረሱን የሸጠ ወንድም የለኝም» ብለው ቤታቸው መግባት ተዉ።

ቀኛዝማች ሹፌር ፍለጋ ዳንግላ መጡ። ለካ እኚያ በረንዳ ላይ የቆሙት ሰው እሳቸው ኖረዋል።

«አንተ ነህ ለፈረስ ብለህ ሞተር ያጠፋኸው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«በል ዕቃህን ያዝ። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ነው የምትሠራ።»

በማግስቱ መኪናዋን አጥቤ፣ ዘይትና ውሃዋን አይቼ፣ በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ቀኛዝማች የበሩን ብረት ይዘው ቀኝ እግራቸውን ለማንሳት ሞከሩ። አልሆነም። ደግመው ሞከሩ፤ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ። ከዚያ ሰው አለ ብለው ግቢውን ዞር ዞር እያሉ አዩት።

«አየህ?» አሉኝ።

«ምንም አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ጎበዝ።»

ደግፌ አሳፈርኳቸው፤ መንገድ ላይ ነገሩኝ። ጉግስ ሲጫወቱ ከዳማ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። መውደቃቸውን አገር ያውቃል፤ ወጌሻ አሽቷቸው ድነዋል ብሎ ነው የሚያስበው። በከዘራ መራመዱን ችለውታል፤ እርካብ ረግጦ መውጣት ግን ቀርቷል። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻ ነበሩ። «ወርቁ ፈረስ መውጣት አቃተው ከሚሉኝ፣ ወርቁ ጠገበ ቢሉኝ ይሻለኛል» አሉ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

መኪናዋን ዳንግላ ወስጄ ከበሩ ሥር ዝቅ ያለ የብረት መርገጫ አስበየድኩላቸው። መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ጭቃ ላይ እየያዘ ስንት ጊዜ እንዳጣመመብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በውስጥ በኩል ደግሞ እጃቸው የሚይዘው ጠፍር አሰርኩ። ጠፍሩን ያመጡልኝ ራሳቸው ናቸው፤ የዳማ ልጓም ነበር። ለገዢው ኮርቻውንም ልጓሙንም አልሰጡትም ኖሯል። ሲሳፈሩ ሰው እንዳያያቸው መኪናዋን እስከ ቤቱ ደጃፍ አስጠጋለሁ። ይህንንም ሰው ኩራት ነው አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሳቸው አይሰሙትም፤ እኔ ግን በየገበያው እሰማው ነበር።

ላንድሮቨሯን ብዙ ዓመት ነዳኋት። የእንጅባራ ዝናብ ታውቁት የለም? ቀዩ ጭቃ ሲውጣት ቀርከሃ ቆርጠን ጎማ ሥር እንረበርባለን። ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ቆመን የራዲያተር ውሃ እንጨምራለን። በዚያ የሚያልፍ ባላገር «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ይተርትብን ነበር። ያው ተራቹ ሚስቱ ምጥ ሲጠናባት ግን የሚሮጠው ወደ ቀኛዝማች ደጅ ነው፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ አልሄድም ብለው አያውቁም።

የጥር ጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኞቹ ሲሰበሰቡ ከሩቅ ጉብታ ላይ አቁም ይሉኛል። «ሞተሩን አጥፋ፣ ፈረስ ይደነብራል» ይላሉ። ከዚያ መስኮቱን ከፍተው ብቻቸውን ይጮኻሉ፤ «ላላ አድርገው እንጂ አንተ! አፉን ገነጠልከው እኮ!» የሚሰማቸው የለም። አያ ደስታ በነጭ ፈረስ ፊት ፊት ሲያልፉ ቀኛዝማች መስኮቱን ይዘጋሉ። እኔ መሪውን ይዤ ወደ ሌላ ወገን አያለሁ።

በአንድ ክረምት ታመሙ። መኪናዋም በዚያው ክረምት ተበላሸች፤ በሞተሩ ራስ ሥር ውሃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚያደርገው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃና ዘይቱ ተቀላቀለ። ቀኛዝማች ከአልጋ አልተነሱም። መስከረም ሲጠባ አረፉ። ቀብሩ በዕለቱ ሆነ፤ ትልቁ ለቅሶ ግን የሩቅ ዘመድ እስኪደርስ ለእሑድ ተቀጠረ።

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ፣ የጌጥ ልብሱን፣ ግላሱን፣ ለብሶ፣ የሟች ጠመንጃና ለምድ ተደርጎበት የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል። ፈረሰኞች ሁሉ ይከተሉታል። ፈረስ ያልዞረለት ሰው እንደ ተራ ሰው ተለቀሰ ይባላል፤ ለልጅ ልጅ የሚቀር ነገር ነው።

ሽማግሌዎች አያ ደስታን ፈረስ እንዲያዞሩ ጠየቁ። «ወርቁ ፈረሱን ሸጧል» አሉ አያ ደስታ። «በሰው ፈረስ ሰው አይለቀስም። ፈረሰኞቼ አይወጡም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ማቃቸውን ለብሰው ጋራዡ ድረስ መጡ። ጋራዥ ስል በግ ማደሪያው ማለቴ ነው።

«መኮንን፣ ፈረሱ ይህቺ ናት» አሉኝ መኪናዋን እያሳዩ። «ለእሑድ አስነሳልኝ። ሜዳውን ትዙርለት። ባሌ እንደ ባዶ ሰው አይለቀስም!»

«እሜቴ፣ ሞተሩ…»

«ይህን ብቻ አድርግልኝ።»

ምን እላለሁ? ሞተሩን ፈታሁት። ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሹፌር ጓርኒሲዮን አስላክሁ፤ የመጣው የሌላ መኪና ሆነ፣ ቀዳዳው አይገጥምም። ከመዳብ ቆርቆሮ ቆርጬ ሠራሁ፤ መልሼ ገጥሜ ሳስነሳው ጥቂት አጓራና በጭስ ማውጫው ውሃ ተፋብኝ። እንደገና ፈታሁ። ቅዳሜን ሙሉ በዘይት ተለውሼ ዋልኩ። ለራሴ ሥራ እንዲያ ጨንቆኝ አያውቅም። እኚያ ሰውዬ ከባለቤታቸው ሌላ ያመኑት እኔን ብቻ ነበር፣ እኔም ለመጨረሻ ቀናቸው አልሆንኳቸውም።

እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ አያ ደስታን ይዘው ግቢ ገቡ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ሊለምኗቸው ነው። አያ ደስታ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ይነሳል?»

«አልተነሳልኝም፣ አያ።»

«ይኸውልህ! ዳማ ቢሆን በፉጨት ይመጣ ነበር» አሉ።

ደሜ ፈላ። የቀኛዝማችን ምስጢር ለማንም አልናገርም ብያለሁ፤ ሞቱ ብዬ አልናገርም። ግን በሩን ከፈትኩት። «እንግዲህ አንድ ጊዜ ይግቡና ይዩዋት» አልኳቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት ሲጠሏት ውስጧን አይተው አያውቁም።»

ንቀት ይሁን ጉጉት አላውቅም፣ ሊገቡ ተጠጉ። እግራቸው ከመርገጫው ጋር ተጋጨ። ጎንበስ ብለው አዩት። መሃሉ ተበልቶ ብረቱ ያብረቀርቃል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መርገጫ ነው።»

«ይህን ያህል ዝቅ ያለ? ሕፃን ነው የሚወጣበት?»

በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቀና ሲሉ ጠፍሩን አዩ። በእጃቸው ያዙት፣ አገላበጡት፤ ፈረሰኛ የልጓም ቆዳ አይጠፋውም። «የዳማ ነው» አሉ ቀስ ብለው። አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው ጠፍሩን ሳቡ፤ አንድ እግሩን ማንሳት የማይችል ሰው እንዴት እንደሚወጣ ገባቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አያ፣ እኔ ሹፌር ነኝ።»

እግራቸውን ከመርገጫው አወረዱ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«በለቅሶ ቀን የሟች ፈረስ ላይ ማን ይወጣል?»

«ኧረ ማንም አይወጣም! ነውር ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ታዲያ ሞተር ምን ያደርግላችኋል? ተስባ ነው የምትዞረው። ጠፍር አምጡ! ፈረሰኞቼንም ጥሩልኝ!»

እኔ ጅል፣ ያን ሁሉ ቀን ከሞተር ጋር ስታገል ይህ አልታየኝም ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ እልል ይበሉ ያልቅሱ ግራ ገብቷቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ኮርቻው ከቤት ወጥቶ ሞተሩ ክዳን ላይ ተጫነ። ግላሱን አለበስናት፤ ለምዱና ጠመንጃው ተደረገባት። ሹፌርም ቢሆን አይቀመጥባትምና በመሪው በኩል ያለውን በር ነቅዬ፣ ከጎኗ እየተራመድኩ መሪውን ከውጭ ያዝኩ። ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ ሁለት ጎበዞች ታኮ አስይዤ ከጎማው አጠገብ አስኬድኩ።

ፊት ሆነው ጠፍሩን ትከሻቸው ላይ ያደረጉት አያ ደስታ ናቸው። አለቃው ሲስብ ፈረሰኛ ቆሞ ያያል? ገሚሱ ወርዶ ሳበ፣ ገሚሱ ከኋላ ተከተለ። ሞተር የለ፣ ጭስ የለ፣ አንድም ፈረስ አልደነበረም። አልቃሾቹ በአገውኛም በአማርኛም ያወርዱት ጀመር። «ጠገቡ» ሲል የነበረ አፍ ሁሉ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። እኔ መሪ ይዣለሁና እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ለቅሶው ሲበተን አያ ደስታ ከመኪናዋ ጎን ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። መዳፋቸውን ጠፍሩ ልጦታል።

«ለምን አልነገረኝም?» አሉኝ። «ታላቁ አይደለሁም? በየቀኑ መጥቼ፣ እንደ ልጅ አቅፌ ፈረሱ ላይ አወጣው ነበር እኮ!»

«አያ፣ ለዚህ እኮ ነው ያልነገሩዎት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ተንሰቀሰቁ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የብዙ ሰው መኪና ነድቻለሁ። ሰው መኪና የሚገዛበት የራሱ ምክንያት አለው። ሹፌር ምክንያቱን ያወቀ እንደሆነ በሩን ከፍቶ ዝም ይላል።