በማትናዛር አጋ ማሳ ላይ የበቀለው ተራራ

እኛ ሰፈር፣ በኾሬዝም፣ ሖንቃ ውስጥ፣ ኢንቲዞር የምትባል ሴት አለች። ባሏ ቤክቾን ትራክተር ነጂ ነው። እሷ ለብዙ ዓመት በወረዳው የውሃ ቢሮ ተቀምጣ ቦይና ማሳ በእጇ ስትስል ኖራ፣ ቢሮው ከሌላ ቢሮ ጋር ሲዋሃድ ወንበሯ ጠፋ። ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። የእርሻ ካርታ የሚሠራ ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ ጫነችና የብርዱን ወራት በሙሉ ከምድጃው ጥግ ሆና ስትታገለው ከረመች።

አማቷ “የሰው ምራት በዚህ ብርድ ካልሲ ትሠራለች፣ የኔዋ መሬት ትሠራለች” እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ሥራው ሲገባት እንዲህ አደረገች። ቤክቾን ትራክተሩ ጣሪያ ላይ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር መቀበያ ያስርና እንደሚያርስ ሰው ማሳውን መስመር በመስመር ይመላለስበታል፤ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ በዚያ ይመዘገባል። እሷ ደግሞ በእግሯ እየዞረች አፈር ትቆፍርና ጨውነቱን ትለካለች። ጥጡ የት ለምልሞ የት እንደቀጨጨ የሚያሳይ የሳተላይት ፎቶም አለ። እነዚህን ሁሉ ላፕቶፗ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ታነጥፋቸዋለች። ከፍታው ከሥር፣ ጨው በላዩ፣ ልምላሜው ከሁሉ በላይ። ከላይ ያለውን ስትገልጠው የታችኛው ብቅ ይላል። ከፈለገች ደግሞ ማሳውን ስክሪኑ ላይ ቀና አድርጋ እንደ ሸክላ ዕቃ ታዞረዋለች።

አንድ ቀን፣ ጥጥ ተለቅሞ ካበቃ በኋላ፣ ማትናዛር አጋ ደጇ መጡ፤ “አጋ” እኛ ጋ ትልቅ ሰው የሚከበርበት መጠሪያ ነው። ማትናዛር አጋ ጥሩ ገበሬ ናቸው፤ ግን የማሳቸው የታችኛው ግማሽ በየፀደዩ በጨው ነጭ ይሆናል፤ እዚያ የተዘራው ዘርም ይሞታል። እኛ ጋ ጨው የሚታጠበው በየካቲት ነው፤ ማሳው ላይ ውሃ ይለቀቅና ጨውን ይዞ ወደ ታች ይሰርጋል። ውሃውን የሚያካፍለው የውሃ አባት ደግሞ ቁሮንቦይ አጋ ናቸው፣ የማትናዛር አጋን እህት ሳኦዳትን ያገቡት። ማትናዛር አጋ ጨው የሚበላኝ አማቼ ውሃዬን ስለሚያጎድል ነው ብለው ከተጣሉ ወዲህ፣ እህታቸው የወንድሟን ደጃፍ አልረገጠችም።

“ልጄ” አሏት ኢንቲዞርን፣ “ያ ሌባ ውሃዬን እንደሚበላ የሚያሳይ ካርታ ሥሪልኝ። ሽማግሌዎች ፊት እዘረጋዋለሁ።”

“ማትናዛር አጋ፣ ካርታ እኮ ምስክር ነው እንጂ ጠበቃ አይደለም። ያየውን ነው የሚናገረው።”

“ይናገር! ምን እፈራለሁ?”

ቤክቾን ማሳውን ለካ፣ እሷ አፈሩን ቆፈረች። ከፍታውን አንጥፋ ጨውን ስትደርብበት ግን እጇ ቆመ። በማሳው ወገብ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተኛ ጉብታ አለ። ከጉብታው ወዲህ አፈሩ ደህና ነው፤ ጨው የሚጀምረው ልክ ከጉብታው ጀርባ ነው። ውሃው ከላይ መጥቶ ጉብታው ጋ ሲደርስ መሻገር ያቅተውና በጎን በኩል ወደ ማፍሰሻው ቦይ ያመልጣል ማለት ነው። ቁሮንቦይ አጋ የሰረቁት ውሃ የለም።

“ሌላ ሰው ይንገራቸው” አላት ቤክቾን። “ሽማግሌው ግልፍተኛ ናቸው።”

“ቢቆጡኝ ይሻለኛል። ዝም ብዬ እያየሁ በየዓመቱ ጨው ሊበላቸው ነው?”

በማግስቱ ላፕቶፗን ይዛ ሄደች። ማትናዛር አጋ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። ማሳውን አነሣችና አዞረችላቸው። ጉብታው በዓይን እንዲለይ ከፍታውን ብዙ እጥፍ አጉልታው ስለነበር፣ በመሀል ማሳ ላይ ቀይ ተራራ ተገትሯል።

“ይሄ ምንድነው?”

“ማሳዎ ነው።”

“ይሄ? ይሄ የፓሚር ተራራ ነው እንጂ!” የሻይ ፒያላቸውን አስቀመጡ። “ኾሬዝም ውስጥ ተራራ ማን አይቶ ያውቃል? የኛ ልጆች ተራራ የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው።”

“እንዲታይ ብዬ አጉልቼው ነው አጋ…”

“ካጎሉትማ የኔም አፍንጫ ተራራ ይሆናል! ቁሮንቦይ ነው የላከሽ?”

ይሄ የመጨረሻው ቃል ጎዳት። ላፕቶፗን አጥፍታ፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። ወሬው ግን ከሷ ቀድሞ ሻይ ቤት ደረሰ። “ማትናዛር አጋ፣ ተራራው ላይ በረዶ ጣለ እንዴ?” ይሏቸዋል አንዱ። ሌላው ደግሞ “ፍየሎቼን ላሰማራበት?” ይላሉ። ኢንቲዞርንም ሰው “ተራራ ወላጇ” ይላት ጀመር። የእሳቸው ማሳም፣ የእሷ ሥራም መሳቂያ ሆነ።

ለጥቂት ቀን ካርታውን አልከፈተችውም። ዳቦ እየጋገረች ሳለ ነው ጥፋቷ የታያት። እሷ ያንን ተራራ ቀን ከሌት ስታየው ስለሰነበተች ለምዳዋለች። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደ ገበታ የተዘረጋ መሬት ላይ ኖረው፣ ድንገት ተራራ ፊታቸው ላይ ተደቀነባቸው። ማን ያምናል?

ተመልሳ ሄደች። ማትናዛር አጋ በሩን ከፈቱ፤ አይተዋት ከበሩ ዞር ብለው አስገቧት። በዚህኛው ጊዜ ማሳውን ምንም ሳታጎላ በልኩ አሳየቻቸው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጠፍጣፋ መሬት ብቻ ነው።

“ይሄስ የማን ነው?”

“ይሄማ የኔ ነው።”

“እንግዲህ ይቺን ይያዙ፤ ራስዎ ያንቀሳቅሷት” አለችና ጣታቸውን ከፍታውን በምትጨምረው ቁልፍ ላይ አስቀመጠችላቸው። ሽማግሌው በዝግታ ገፏት። ማሳው መሀሉ ላይ ትንሽ ነፋ አለ። ጨመሩ፤ ጨመረ። መለሱት፤ ተመለሰ። ሦስት አራቴ እንዲህ አደረጉ።

“በእውነቱ ስንት ነው ቁመቱ?”

ኢንቲዞር መዳፏን ፍራሹ ላይ በጠርዙ አቆመች። “ይቺን ታክላለች። ስንዝር አትሞላም።”

“ለዚች አፈር ነው የተጣላነው?” አሉ፤ ለማን እንዳሉት ግን አልታወቀም። ቆይተው “የካቲት ላይ ውሃው ራሱ ይፍረድ” አሏት።

የካቲት መጣ። ኢንቲዞር ጉብታው የሚጀምርበትን መስመር ተከትላ የጥጥ እንጨት ተከለች። ቁሮንቦይ አጋ መዝጊያውን ከፈቱና ከቦዩ ማዶ ቆሙ፤ ማትናዛር አጋ ወዲህ ቆሙ። ውሃው አፈሩን እያጠቆረ መጣ። እንጨቶቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ እንደ መገረም ብሎ በእንጨቶቹ ሥር ሥር ወደ ጎን ሄደና ማፍሰሻው ቦይ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለው መሬት እንደ ደረቀ ቀረ።

ሁለቱም ሽማግሌዎች ደረቁን መሬት ዳር እስከ ዳር አዩት። በመጨረሻ ቁሮንቦይ አጋ ከማዶ “እዚህ ጋ ድሮ የጋራ እርሻው፣ የኮልኾዙ ቦይ አልነበር? የዳሩን የአፈር ክምር በዶዘር ደፍጥጠው የሄዱት” አሉ።

“ነበር” አሉ ማትናዛር አጋ። “እኔም ረስቼው።” አካፋቸውን ተደገፉ። “ሳኦዳት ደህና ናት?”

“አፍ አለህ፣ ራስህ ጠይቃት።”

“ትመጣለች?”

“ካልጠራኻት በምን ትመጣለች? በውሃው ላይ ተንሳፍፋ?”

ማትናዛር አጋ ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። በማግስቱ ግን በሬዲዮ የሚናገር ሰው ይመስል እየጮኹ እህታቸው ጋ ሲደውሉ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሳኦዳትም በእንስላል አረንጓዴ የሆነ ሽቪት ኦሽ የሚባል የሊጥ ምግብ በድስት ይዛ መጣች፤ ወንድሟን ከማቀፏ በፊት ለረጅም ጊዜ ሰደበቻቸው።

በዚያው ዓመት፣ ከመከር በኋላ፣ ማሽን መጥቶ ጉብታውን ገፎ ዝቅ ያለውን ሞላበት። ኢንቲዞር የላይኛውን ለም አፈር መጀመሪያ ለብቻ አሰበሰበችና መጨረሻ ላይ መልሳ አስበተነችው። እንዲህም ሆኖ በቀጣዩ ፀደይ ከታችኛው ግማሽ ጥጉ አሁንም ነጭ ሆኖ ወጣ። እሷ ይህን አስቀድማ ነግራቸው ነበር፤ እዚያ ጋ የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ጨው ከሥር ይወጣል። ማትናዛር አጋ አልተቆጡም። “የዚያን ውሃ ጥልቀትስ ካርታሽ ውስጥ ማስገባት ይቻላል?” ብለው ጠየቋት። ይቻላል አለች። ቤክቾን የውሃ መለኪያ ቧንቧዎቹን ሊቀብር ይዞ ሲመጣ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቦይ ዳር ቁጭ ብለው፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ የት መቆፈር እንዳለበት እየተጨቃጨቁ ነበር።