ደሚ የምትባለው ቃልና ወንድሜ

ትራሙ ውስጥ አራት ነበርን፦ እናቴ፣ አጎቷ ጋሼ መኮንን፣ ወንድሜ ናትናኤልና እኔ። ጋሼ ጄኔቭ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ፈረንሳይኛቸውም እንደ አማርኛቸው አይቸኩልም። ናትናኤል ጎረምሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ እኛ ጋ ዙሪክ የመጣው በቅርቡ ነበር። እኔ ገና ሰባት ዓመቴ። በስልክ ብቻ የማውቀው ወንድሜ አጠገቤ ስለተቀመጠ ጉልበቴን ከጉልበቱ አልለይም ነበር።

ከጄኔቭ መሀል፣ ከፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ወዳለው ወደ ጋሼ ቤት፣ ወደ ቶኔ እየሄድን ነው። ትራሙ የረጠበ ካፖርትና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ናትናኤል ቲኬቱን እያገላበጠ፣ "ደሚ ምንድን ነው?" አለ።

ጋሼ ደስ አላቸው። "ግማሽ! ደሚ-ታሪፍ ግማሽ ዋጋ፣ ደሚ-ፊናል ግማሽ ፍጻሜ። ዙሪክ ደግሞ ሃልብ ይሉታል። የፈለግከው ቃል ፊት ለጥፈው፣ ለሁለት ይገምሰዋል።"

"ደሚ-ጋሼ!" አልኩ።

"ዝም በል፣ ደሚ-ጥርስ!" የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር።

ድንበሩ አካባቢ ስንደርስ ሁለት የድንበር ጠባቂዎች ገብተው መታወቂያ ጠየቁ። ናትናኤል ኪሶቹን ሁሉ ዳበሰ። የመኖሪያ ፈቃዱን ዙሪክ ረስቶታል፤ የያዘው የትምህርት ቤት ካርድ ብቻ ነው። አንደኛው ጠባቂ የእናቴን፣ የናትናኤልንና የእኔን ካርዶች ጎን ለጎን አድርጎ አያቸው። እኛ የምንጠራው በየአባታችን ስም ነው፤ የናትናኤል አባት ሌላ፣ የእኔ ሌላ፣ እናቴም በራሷ አባት ስም። ለእሱ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ነበርን። ናትናኤልን ውረድ አለው። ወረደ፤ ወደ ኋላም አላየም። እናቴ እጄን ይዛ ተከተለችው፤ ጋሼም ተከተሉ።

ፌርማታው ላይ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያስረዱ ጀመር። ከንግግራቸው የገባኝ ደሚ የምትለው ብቻ ናት። ደሚ-ፍሬር። ናትናኤልም ሰምቷል። ፊቱ ጠቆረ።

"ግማሽ ወንድሙ ነው አሉ፣ ጋሼ?"

"የነሱ አነጋገር ነው ልጄ። ይህን ካልን ይለቁሃል።"

"ግማሽ ከሆንኩ ይውሰዱኝ!" አለና ወደ ጠባቂዎቹ መኪና ተራመደ። ጃኬቱን በሁለት እጄ ያዝኩት። የሚወስዱት መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና የስልክ ድምፅ ብቻ ሊሆንብኝ ነው።

"አንተ፣ ቁም!" አለች እናቴ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች። "ይንገሩልኝ። እኔ ግማሽ ልጅ አርግዤ አላውቅም።"

"አንቺ ልጅ፣ ለፖሊስ እንዲህ ይባላል?"

"ይባላል! ቃል ሳይቀንሱ ይንገሩልኝ!"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተናገሩ። ጠባቂው እናቴን አያት፤ ከዚያ የእኔንና የናትናኤልን ፊት እያፈራረቀ ተመለከተ። በሬዲዮው ስምና የልደት ቀን ተናገረ። ጠበቅን። አንድ ትራም መጥቶ ሄደ፤ ሌላም መጣ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳለች። በመጨረሻ መልስ መጣ፤ ጠባቂውም ካርዱን ለናትናኤል መለሰለት።

ትራም የሚያስታውስ አልነበረም፤ እስከ ጋሼ ቤት በእግራችን ሄድን። የደከመኝ መሰልኩ፤ ናትናኤል አዘለኝ።

በኋላ ፈረንሳይኛን ብቻዬን ከመዝገበ ቃላት ስማር የደሚን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ግማሽ ሰዓት፣ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ እህት። ቃሉ ክፋት የለበትም። እኛም ግማሽ ቀን፣ ግማሽ ኪሎ እንላለን። በእናት የሚገናኝን ወንድም ግን የእናቴ ልጅ እንለዋለን፤ ባዕዱን እንኳ በጣም ስንወደው የምንጠራው በዚሁ ነው።

ዛሬ ናትናኤል ጄኔቭ ነው፣ እኔ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ጎዳና። ፈቃድ የሚጠይቀን የለም፣ ባቡሩም በየሰዓቱ አለ። የምንገናኘው ግን ለበዓል ነው፤ እሱም ከተመቸን። ያኔ አንድ ጃኬት ጨብጬ ለማስቀረት የታገልኩትን ሰው፣ ዛሬ "ሰሞኑን እደውላለሁ" እያልኩ ለነገ አሳድረዋለሁ።

እማዬ፣ የሳትኩት ካለ አርሚኝ። ጋሼ፣ ያንን የእናቴን ቃል በፈረንሳይኛ እንዴት እንዳሉት ይጻፉልኝ። ናቲ፣ ከትራሙ ስትወርድ ለምን ወደ ኋላ እንዳላየህ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩህም። እሱን አንተ ጨምርበት፤ ግን በስልክ አይሁን።