በየትኛው አፍንጫ?

ልብስ ሰፊዋ ከሱሪ ፋብሪካው ሥራ ውላ ስትወጣ ወገቧ እንደ ማጭድ ታጥፎ ነበር። መርፌውም ክኒኑም አልበጅ ሲላት፣ ከጎማ መሸጫው ፎቅ ላይ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ዮጋ ወደሚያስተምሩ ጡረተኛ የስፖርት መምህር ሄደች።

ሽማግሌው አቋቋሟን አይተው፣ "ሰባት እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ትንፋሽ። በየቀኑ። ጥያቄ ካለሽ ሠርተሽ ስትጨርሺ ጠይቂኝ" አሏት።

ሠርታ ስትጨርስ ግን ጥያቄው ይጠፋባታል። እንዲህ እንዲህ እያለች አሥራ ሰባት ዓመት፣ ባሏን በቀበረች ማግስት እንኳ ሳታስታጉል ሠራች። ወገቧም ቀና አለ።

ሽማግሌው ሲሞቱ የአዳራሹ ተማሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። ጠበቃው "ትንፋሹ የሚጀመረው በቀኝ አፍንጫ ነው፤ መጽሐፉ እንደዚያ ይላል" አለ። ፋርማሲስቷ "በግራ ነው" ብላ ሌላ መጽሐፍ መዘዘች። ነገሩ ከረረና ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ተደረሰ። ሁሉም ቁጭ ብሎ ሲከራከር ሲያመሽ ምንጣፎቹ ጥግ ላይ ተጠቅልለው አቧራ ጠጡ። ከልብስ ሰፊዋ በቀር የሚዘረጋቸው ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ ለምስክርነት ጠሯት።

"ከሁላችንም በፊት የነበርሽው አንቺ ነሽ" አለ ጠበቃው፤ "መምህሩ በየትኛው አፍንጫ ነው ያስጀመሩሽ?"

"በተከፈተው ነዋ! ጉንፋን ሲይዘኝ ምን ምርጫ አለኝ?"

ከኋላ አንድ ሰው ኪኪ ብሎ ሳቀ። የጠበቃው ፊት ጠቆረ። ፋርማሲስቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ጋር ተስማማች፤ "ይህች ሴት አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይገባት ስትወራጭ ኖራለች። ለአዲሶቹ መጥፎ አርአያ ናት። ትውጣልን!"

የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ቀድማ ያወጣችው ፋብሪካ ውስጥ ከጎኗ የምትሰፋው ጓደኛዋ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ ራሷ እጇን ይዛ ወደ አዳራሹ ያመጣቻት።

"አንቺም?"

"ምን ላድርግ እህቴ፣ ከሰው ልለይ እንዴ?"

በእጇ የነበረውን የአዳራሹን ቁልፍ ተቀበሏት። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ፋብሪካው ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሀል ሰባቱን እንቅስቃሴ ትሠራ ጀመር። በሦስተኛው ወር እርጥብ ደረጃ አንሸራቷት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ።

ሆስፒታል ሁለቱም ወገን መጣ፤ ባዶ እጁን።

"በግራ ስትጀምር ኖራ ነው፤ ሚዛኗ ተዛባ" አለ ጠበቃው፣ አልጋው ግርጌ ቆሞ።

"በቀኝ እንጂ!" አለች ፋርማሲስቷ።

የፋብሪካ ጓደኛዋ ስልኳን አውጥታ ልብስ ሰፊዋን ፎቶ አነሳቻት።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አለች የልብስ ሰፊዋ ልጅ።

"ለትምህርት ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ ይለጠፋል።"

ልጅቷ እየገፈታተረች ባታስወጣቸው ኖሮ እዚያው ሲከራከሩባት በመሸ።

ፎቶው እውነትም ተለጠፈ። ሥሩ "ሳያውቁ የሠሩ መጨረሻቸው" የሚል ተጽፎበት ለአዲስ ገቢዎች ይታያል። ፋብሪካው የስፌት መኪናዋን ለሌላ ሰጠ። ልብስ ሰፊዋም ዳግመኛ ያለ ምርኩዝ አልቆመችም። ሰባቱ እንቅስቃሴ ቀርቶ ትንፋሹ ብቻ ተረፋት። ማለዳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትስባለች፤ ስታስወጣ ደግሞ አንድ በአንድ ትረግማቸዋለች። የምትጀምረው ከጓደኛዋ ነው።

አንድ ቀን ልጇ ሰምታ፣ "እማዬ፣ እርግማንም ዮጋ ነው እንዴ?" አለቻት።

"ዝም በይ፣ ቁጥር አታሳስቺኝ!" አለችና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።