ድንኳን የት ይቆማል?

ግቢዬን አሳምሪልኝ ብሎ የሚጠራኝ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ስልኩን ነው። ስልኩ ላይ ፎቶ አለ፤ ፎቶው ላይ ነጭ ጠጠር፣ እንደ ኳስ የተከረከመ ቁጥቋጦና ዘንባባ። አገሩ የት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ዝናብ የማያውቀው አገር ነው። ነቀምቴ ላይ ሰኔ ሲገባ ያን ጠጠር ቀዩ አፈር ይውጠዋል፤ ከዚያ እስከ መስከረም ጠጠር ፍለጋ ነው። ይህን ስናገር ደንበኛው ፊቱን ያጨማድዳል። እኔም አጨማድዳለሁ። ከዚያ ስልኩን ወደ ኪሱ አስመልሼ ግቢውን አብረን እንዞራለን።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ችግኝ አፈላለሁ፣ ግቢ አስውባለሁ። ችግኞቼ ያሉት ወደ ኡኬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ያደግሁት አንገር ጉቲን ነው፤ ወላጆቼ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እዚያ ቆላ ግቢ ማለት ጥላ ማለት ነበር፤ ማንጎ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። ስለዚህ ለጥላ አዳላለሁ፣ አልደብቅም። የውጭ ሳር ካልመጣልኝ ለሚለኝ ሰውም «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እለዋለሁ። ሰርዶ ቢረግጡት አይሞት፣ ዝናቡ ቢያጥበው አይነቀል። ወደ ነጆ ስሄድ ደግሞ ብዙ መከራከር አያስፈልገኝም፤ የፎቶውን አትክልት ምስጥ ይጨርስልኛል።

ለመሥሪያ ቤት መትከል ሌላ ጣጣ አለው። ኃላፊው የሚፈልገው ከመኪናው ሲወርድ የሚያየውን ነው፤ ባለጉዳዩ የሚፈልገው ተራው እስኪደርስ የሚቀመጥበትን ነው። አንዱ ኃላፊ በሩ ግራና ቀኝ ዘንባባ ካልቆመ ሞቼ እገኛለሁ አለኝ። ተከልኩለት። ባለጉዳዩ ዛሬም ከአጥሩ ውጭ፣ ማን እንደተከለው በማይታወቅ ዋንዛ ሥር ይቀመጣል። ኃላፊው ተዛውሯል፤ ዘንባባው ቆሞ ቀርቷል።

ተዛዋሪ ስል ትዝ አለኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ መሬት ላይ አይተክልም። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ይቆርጥና በረንዳው ላይ ይደረድራል፤ ዝውውሩ ሲመጣ ጀሪካኑን አይሱዙ ላይ ጭኖ ይሄዳል። ሰው ምን ያህል ሊቆይ እንዳሰበ ከአፉ ከምሰማ በረንዳውን ባይ ይሻለኛል።

ዞረን ስንጨርስ ሁሉንም የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ድንኳን የት ይቆማል? እዚህ አገር ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሰው የሚሰበሰበው ግቢ ውስጥ ነው። ለሰርግ አዳራሽ የሚከራይ በዝቷል፤ ለለቅሶ አዳራሽ የሚከራይ ግን ገና አላየሁም። ስለዚህ ከቤቱ ፊት የተወሰነ ቦታ ሜዳ ሆኖ መቅረት አለበት፤ አበባው ዳር ዳሩን ይዞ ይሂድ። ጥያቄዬን የማይወዱ አሉ። አዲስ ቤት ሠርቶ የፈነጠዘን ሰው ስለ ለቅሶ ሲጠይቁት ሟርት ይመስለዋል። ቢመስለውም እጠይቃለሁ።

ቲቸር ግን ስጠይቃቸው ሳቁ። ቲቸር የምንላቸው ከደብረ ማርቆስ በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ነቀምቴ ያስተማሩ ሴት ናቸው። አላገቡም፣ አልወለዱም። ከአንገር ጉቲን ለትምህርት በመጣሁ ጊዜ እኔንም አስተምረውኛል፤ አሁን የሰፈሬ ሰው፣ የእድሬ አባል ናቸው። ያን ሁሉ ዘመን ጽጌረዳቸውን በጀሪካን ነበር ያቆዩት። «አገሬ ስገባ ይዤው ነው የምገባው» ይሉ ነበር። ጡረታ ወጡ፣ አልሄዱም። ትንሽ ቤት ሠሩ፤ አንድ ቀን ጠሩኝና ጀሪካኖቹን እያሳዩ «በቃ፣ መሬት አስይዥልኝ» አሉኝ። ጮቤ ረገጥኩ።

«ከበሩ እስከ በረንዳው ሙይልኝ» አሉ። «ባዶ ቦታ ማየት አልፈልግም።»

«ድንኳን የት ይቆማል ታዲያ?»

ያኔ ነው የሳቁት። «ሰርጉ እንደሆን አልፎኛል። ለቅሶውም ቢሆን የእኔ ሰው የሚለቀሰው ደብረ ማርቆስ ነው። እዚህ ማን ይመጣልኛል ብለሽ ነው፣ ልጄ? የሰው አገር ሰው ነኝ። እድሩ ይቅበረኝ፣ ይበቃኛል።»

እድር አጓድለው አያውቁም። ሰው ሲሞት ቀድመው ከሚደርሱት አንዷ፣ ከጓዳ ቁጭ ብለው ድንች ከሚልጡትም አንዷ እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ግን ድንኳን ቆሞ አያውቅም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው፣ እዚያው አልቅሰው ተመለሱ። የቀሯቸው አንድ ወንድም ነበሩ፤ የሚኖሩትም እዚያው ነበር።

ግማሹን እንኳ ሰርዶ እናልብሰው ብዬ ተከራከርኩ። እምቢ አሉ። የአስተማሪ እምቢታ ደግሞ ማብቂያ የለውም። ተናደድኩ፤ ያናደደኝ ጽጌረዳው አልነበረም። ዕድሜያቸውን ከእኛ ጋር ጨርሰው «ማን ይመጣልኛል» ማለታቸው ነው ያንገበገበኝ። ቢሆንም ግቢው የእሳቸው ነው። ፍግ አብዝቼ፣ መደብ አውጥቼ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ብቻ ትቼ ሞላሁት። ጽጌረዳው መሬት ሲያገኝ ጉድ አሰኘ። ሙሽሮች ፎቶ እንነሳበት እያሉ በር ያንኳኩ ጀመር፤ ቲቸርም ደስ እያላቸው፣ «መደቡን እንዳትረግጡ» እያሉ ያስገቧቸዋል።

አምና፣ ዝናቡ ሊያቆም ሲል፣ ወንድማቸው ሞቱ። በዚያ ሰሞን ወደ ጎጃም መንገዱ አያስኬድም ነበር፤ የቲቸር ጉልበትም እንደ ድሮው አይደለም። መርዶ በስልክ አይነገርምና የወንድማቸው ልጅ የደወለው ለጎረቤታቸው፣ ለእድራችን ዳኛ ነው። ዳኛው የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ሽበት የወረሳቸው ነጋዴ ናቸው፤ እሳቸውም በተራቸው በቲቸር እጅ ያለፉ ናቸው። ሌሊቱን ነገሩን ይዘው አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን ሰበሰቡ። እሳቸውና ሁለት አሮጊቶች ገቡና ነገሯቸው። እኛ ከበር ሆነን ጩኸታቸውን ሰማን።

የድንኳኑ ብረትና ሸራ በጋሪ መጣ። ሰዉም መጣ። የሰፈሩ ሰው ብቻ አልነበረም፤ በየት በኩል እንደሰማ እንጃ፣ ከሌላ ከተማ፣ ከአኖ የመጣ እንኳ ነበረበት። መንገዱ እስከ መታጠፊያው ሞላ። ወደ ውስጥ ግን ማንም አልገባም። ምክንያቱ ለማናችንም ግልጽ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለን ቲቸር የተከሉትን የአበባ መደብ የረገጠ ተማሪ ተንበርክኮ ይውል ነበር። እነዚያ ተማሪዎች አሁን ባለሱቅ፣ ነርስ፣ ሹም፣ የልጅ ልጅ ያዩ አያት ሆነዋል። ሁሉም መደቡ ጫፍ ድረስ መጥተው እግራቸውን ሰብስበው ቆሙ።

«ዱንካና ኤሳ ዻብና?» አለ ብረቱን የተሸከመው ሰውዬ። ድንኳኑን የት እንትከለው ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰውን ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩትን እኔው ተጠየቅሁ።

«በእኔ ግቢ ይሁን» አሉ ዳኛው። «አጥሩን እናነሳዋለን። የቲቸር አበባ አይነካም።» ጋሪው ተመለሰ፤ ግማሹ ሰው ወደዚያ ማዝገም ጀመረ።

ይህን ጊዜ ቲቸር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በአሮጊቶቹ ተደግፈው በረንዳው ላይ ወጡ። ሰዉን ሲያዩ ለቅሷቸው ቆም አለ። በሩን አዩ፣ ከበሩ ወዲያ መንገዱን አዩ።

«ይኼ ሁሉ ሰው የማን ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነዋ፣ ቲቸር» አሉ ዳኛው።

«ታዲያ ለምን አይገባም?»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «መደቡን እንዳንረግጥብዎ ነው።»

ቲቸር ከአሮጊቶቹ እጅ ወጡ። ከበረንዳው ወርደው መተላለፊያውን ትተው በቀጥታ መደቡ ውስጥ ገቡ። እሾኹ ነጠላቸውን ይይዛል፣ እሳቸው ይጎትታሉ። መሀሉ ላይ ደርሰው ቆሙና እግራቸው ሥር እያሳዩ፣ «ንቀሉት። ድንኳኑን እዚህ ትከሉት» አሉ።

አለቀስኩ። ለወንድማቸው ነው ብዬ አልዋሽም፤ አላውቃቸውም።

ወንዶቹ ነቀሉ፤ እኔ ደህና ደህናውን ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩ። ለቅሶ ላይም ቢሆን የለመደ እጅ ዝም አይልም። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ሰው ከግቢው አልጠፋም። የጴንጤዎቹ መዝሙርና የቲቸር የጎጃም ሙሾ ተራ በተራ ይሰማ ነበር። የሚገባው ሁሉ «ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» ይላቸዋል፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት ነው። «አሜን» ይላሉ፤ የሁሉንም ስም እየጠሩ፣ ከየትኛው ክፍል እንደነበረ እያስታወሱ። ድንቹን ሌሎች ላጡላቸው።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ጆንያዬን ይዤ ሄድኩ። ግቢው ተረግጦ ደድሮ እንደ አውድማ ሆኗል። ቲቸር በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጽጌረዳውን የት ላድርገው?»

«አጥሩን ተከትለሽ ትከዪው። መሀሉን ሰርዶ አልብሺልኝ።»

የብረቶቹ ጉድጓድ ገና አልተደፈነም ነበር። በእነሱ ልክ ችካል ተክዬ ገመድ መወጠር ጀመርኩ።

«ይጠባል» አሉ ከበረንዳው።

«ድንኳኑ የቆመው እዚህ ድረስ እኮ ነው፣ ቲቸር።»

«እሱማ አንድም ቀን አይተውት ለማያውቁት ለወንድሜ ነው። የእኔ ዕለት ይበዛሉ። ጨምሪበት።»

ችካሉን ነቅዬ ወደ አጥሩ አስጠጋሁት።